ግንብም አየሁ፣ መብራትም አየሁ

በእኛ ልጅነት ሕልም የጠዋት ወግ ነበር። ማታ አይነገርም። ፀሐይ ወጥታ፣ እሳቱ ተቆስቁሶ፣ ጨው ጣል የተደረገበት ቡና ሲቀዳ ነው የሚነገረው። ከሆሳዕና ወደ ጊምቢቹ በሚወስደው መንገድ፣ በሶሮ በኩል ባሉት መንደሮች ያደገ ሰው ያን ሰዓት አይረሳውም። ቤቱ ክብ ሣር ቤት ነው። በአንድ ወገን ላሟና ጥጃዋ፣ በሌላው ወገን ሰው፣ መካከል ላይ ምሰሶው። ጓሮ ያለው የእንሰት ቅጠል በጤዛ ከብዶ ይንጠባጠባል። አያቴ ከምሰሶው ሥር በርጩማዋ ላይ ትቀመጥና "እንዴት አደራችሁ?" ካለች በኋላ፣ ሌላ ወሬ ሳታስገባ "ማን ምን አየ?" ትላለች።

ያየ ይናገራል፤ ያላየም አላየሁም ይላል። ሕልም የተኛው ሰው የብቻው ጉዳይ ነው ሲባል የሰማሁት ከተማ ከገባሁ በኋላ ነው። እኛ ቤት ሕልም እንደ ውጆ ቅቤ ነበር። ውጆ የሀዲያ ሴቶች ወተታቸውንና ቅቤያቸውን እያዋጡ ለባለተራዋ የሚሰጡበት ማኅበር ነው፤ ዛሬ የሰጠች ነገ ትወስዳለች። ሕልሙም እንዲሁ ይዋጣ ነበር። አጎቴ ያየው ለእናቴ ይፈታል፤ እኔ ያየሁት ለጎረቤት ይተርፋል። ታናሽ እህቴ ገና አፏን ሳትፈታ እንቅልፏ ውስጥ ከሳቀች እንኳ የሷም ይቆጠርላት ነበር።

አያቴ ሁሉንም አትፈታም። በመጀመሪያው እንቅልፍ የታየውን "የሆድ ነው" ብላ ታልፈዋለች። ዶሮ ከጮኸ በኋላ ለታየው ግን ስኒዋን ታስቀምጣለች። ሰርግ ያየ ለቅሶ፣ ሥጋ ያየ በሽታ፣ ጥርሱ የወለቀበት የዘመድ ሞት፤ ይህን አገር ሁሉ ያውቀዋል፤ ጎንደር ቢሄዱም አዲስ አበባ ቢሄዱም ያው ነው። የእኛ አገር ፍቺ ለየት የሚለው ረጅም ነገርና የሚበራ ነገር በሕልም ሲመጣ ነበር። ዙሪያችን ሁሉ ክብ ቤትና እንሰት ነው፤ ማታ ከኩራዝ ሌላ ብርሃን የለም። እንዲህ ባለ አገር የሚኖር ሰው ሌሊት ግንብ ካየ፣ ጫፉ ላይ መብራት ሲበራ ካየ፣ ያ ሕልም ከሩቅ የተላከ ነው ተብሎ ይታመን ነበር።

ከፍ ያለ ነገር ስንል የምናውቀው ጥቂት ነው። አንዱ ማማ ነው። ወደ ጊቤ ሸለቆ በሚወርደው ቆላ በቆሎውና ማሽላው እሸት ሲይዝ፣ ልጅ ወንጭፉን ይዞ ማማ ላይ ይወጣል። ዝንጀሮ፣ ጦጣ፣ ወፍ፣ ሌሊት ደግሞ ከርከሮ፤ የአንድ ቤት የዓመት ቀለብ በዚያ ልጅ ዓይን ላይ ተንጠልጥሎ ያድራል። ስለዚህ ማማን በሕልሙ ያየ ሰው አደራ አለበት። ማማው ላይ ሆኖ ከሥሩ ያለው ማሳ ባዶ ከሆነበት፣ አደራው አልፎታል፤ ቶሎ ሄዶ ባለቤቱን ይቅርታ ይጠይቅ። ማማው ላይ ዝንጀሮ ተቀምጦ ካየ ደግሞ ጠባቂ ያደረገው ሰው እየሰረቀው ነው። አያቴ ይህን ስትፈታ ስም አትጠራም። "አደራ የሰጠኸውን ሰው ቤት ሂድና ቡና ጠጣ" ነው የምትለው። የተረዳ ይረዳል።

ሌላው ምሰሶ ነው። ምሰሶ የቤቱ አባወራ ነው፤ ሲዘም ካዩት ታማሚ ይጠየቃል፣ ጣሪያውን ቀዶ ሲወጣ ካዩት ከቤቱ ትልቅ ሰው ይወጣል ወይም ከቤቱ ትልቁ ሰው ይሄዳል። ሁለቱን የሚለየው የሣሩ ነገር ነው። ምሰሶው የቀደደው ሣር ደረቅ ነበር ወይስ እርጥብ? እርጥብ ከሆነ ደግ ነው።

ሦስተኛው ግንብ ነው፤ ግንብ ደግሞ መንግሥት ነበር። ምክንያቱም ግልጽ ነው። ሆሳዕና በሸዋ ጠቅላይ ግዛት የከምባታና ሀዲያ አውራጃ ዋና ከተማ ነበረች። ገበሬው ወደ ከተማ ሲወጣ ያየው የነበረው ግንብ ቤት ግብር የሚከፈልበት፣ ክስ የሚሰማበት፣ ሰው የሚታሰርበት ነው። ራስ አባተ ቧያለው በ1890ዎቹ ከተማዋን ሲቆረቁሩ በዓሉ ሆሳዕና ስለነበር ስሟ ሆሳዕና ሆነ ይባላል፤ የጥንት ሰዎች ግን ዋቸሞ ነው የሚሏት። አያቴም እስከ መጨረሻዋ ዋቸሞ ነው ያለቻት። ስለዚህ በሕልሙ ግንብ ያየ ሰው ጠዋት ላይ ፊቱ አመድ መስሎ ይመጣል። ከግንቡ በር ውስጥ ከገባ ዋስ ያዘጋጅ፤ ከውጭ ቆሞ ካየው ነገሩ ገና ነው። መስኮቱ ጨለማ ከሆነ ሽማግሌ ይቅደም። መስኮቱ ላይ ብርሃን ካለ ዳኛው አልተኛም፣ ይሰማል።

አንድ ጠዋት የመጣውን ጎረቤታችንን ዛሬም አየዋለሁ። ጎልማሳ ነው፣ ጋቢው ትከሻው ላይ ጤዛ ጠጥቶ ረጥቧል። ቡናውን ተቀብሎ ሳይጠጣ ያዘው።

"እማማ፣ ሌሊት ግንብ አየሁ" አላት። "ረጅም ነው፣ ጫፉ ደመና ውስጥ ገብቷል። ጫፉ ላይ መብራት ይበራል። ልወጣ ብዬ ዞርኩት፤ መሰላል የለውም።"

"ዶሮ ጮኾ ነበር?"

"ጮኾ ነበር።"

"ስትዞረው በቀኝ ነው በግራ?"

"በግራ መሰለኝ።"

"እግርህ ባዶ ነበር ወይስ ተጫምተህ?"

"ባዶ ነበር።"

"ላሚቱ ታለበች?"

ሰውየው ግራ ገባው። "የትኛዋ ላም?"

"ከወንድምህ ጋር የምትካፈሏት።"

ዝም አለ። ስኒውን በጣቱ እያዞረ ብዙ ቆየ። በመሬት ድንበር የተነሳ ከወንድሙ ጋር መነጋገር አቁመው፣ ነገሩ ወረዳ ፍርድ ቤት ሊደርስ መሆኑን መንደሩ ሁሉ ያውቃል። አያቴ ከዚያ በኋላ ነው የፈታችለት። ግንቡ ፍርድ ቤት ነው አለችው። ጫፉ ላይ የሚበራው ወንድምህ ነው። መሰላል የለውም ያልከው፣ በግንቡ በኩል ሄደህ ወንድምህ ጋ አትደርስም። ባዶ እግርህን መሆንህ ደግ ነው፤ ባዶ እግሩን የሄደ ሰው የሚታረቅ ነው። ሰውየው ቡናውን ጨልጦ ተነሳ። ድንበሩን በዚያው ሰሞን በሽማግሌ አስለዩት።

ስለ ሕልም ፍቺ የሚጽፉ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ "ግንብ ማለት ይህ ነው፣ ብርሃን ማለት ያ ነው" ብለው ይደረድራሉ። እኔ ከዚያ ምሰሶ ሥር የተማርኩት ሌላ ነው። አያቴ የግንብን ትርጉም ታውቅ ነበር፤ ከግንቡ ይልቅ ግን ላሚቱን ታውቅ ነበር። የማን ቤት ከማን ቤት እንደተኳረፈ፣ የማን ልጅ ሳል እንደያዘው፣ የማን እንሰት በአጠውላጊ በሽታ እንደተመታበት ታውቃለች። ሕልሙን የምትፈታው በዚያ ነው። ትልልቆቹ የሕልም ሊቃውንትም ይህን አልሳቱትም። በ2ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረው ግሪካዊው አርጤሚዶሮስ አምስት መጻሕፍት ጽፎ ሲያበቃ፣ ፈቺ የሆነ ሰው የአላሚውን ሥራ፣ ኑሮና የአገሩን ልማድ ሳይጠይቅ አፉን እንዳይከፍት ይመክራል። የእሱን መጽሐፍ በ9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሁነይን ኢብን ኢስሓቅ ወደ ዐረብኛ መለሰው። በእስልምናው በኩል ስሙ የገነነው የባስራው ኢብን ሲሪን ነው። ሁለት ሰዎች አዛን ሲያደርጉ በሕልማቸው አይተው መጡበት፤ አንዱን ሐጅ ታደርጋለህ አለው፣ ሌላውን በስርቆት ትያዛለህ አለው ይባላል። ሕልሙ አንድ ነው፤ ሰዎቹ ግን ሁለት ናቸው።

በመንደራችን የነበሩት ሙስሊም ጎረቤታችን ይህን ታሪክ ብዙ ጊዜ ይነግሩን ነበር። እሳቸው ጋ ሕልም ይዞ የሄደ ሰው ገና አፉን ሳይከፍት "ኸይር ነው" ይሉታል። መጥፎ ሕልም ከሆነ ወደ ግራ ሦስት ጊዜ እንትፍ በል፣ ጎንህን ቀይረህ ተኛ፣ ለማንም አትንገር ነው ምክራቸው። ደግ ሕልም ከሆነ ደግሞ ለሚወድህ ሰው ብቻ ንገር። እሳቸውና አያቴ በሃይማኖት አይገናኙም፤ አያቴ የቃለ ሕይወት ምዕመን ነበረች። ሕልም ላይ ግን አንዱ የከበደውን ወደ ሌላው ይልክ ነበር። ይህን ሳስታውስ ልቤ ይሞቃል። የዮሴፍ ታሪክ የሁለታቸውም ስለሆነ ይሆናል።

ከዱራሜ በኩል አግብታ የመጣች አንዲት ወጣት ሴትም ትዝ ትለኛለች። በከምባታም በሀዲያም ያገባች ሴት የአማቶቿን ስም አትጠራም። ስማቸውን መተው ብቻም አይበቃም፤ በስማቸው መነሻ ድምፅ የሚጀምረውን ቃል ሁሉ ታልፈዋለች። ከምባታዎች ባሊሻ ይሉታል። ይህቺ ሴት ሕልሟን ስትናገር መስማት ትልቅ ነገር ነበር። ያየችው መብራት ነው፤ የመብራቱ ስም ግን ከአማቷ ስም ጋር ስለሚጋጭ አፏ ላይ አይወጣም። ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ፣ ነጠላዋን ወደ አፏ እየሳበች፣ ጨለማን የሚያባርረው፣ ማታ ማታ እናቶች የሚለኩሱት እያለች ትዞረዋለች። ታናናሾቹ ሳቃቸውን ይዘው ይጠብቃሉ። አያቴ አታቋርጣትም፣ ቃሉንም አታቀብላትም። ጨርሳ ስታበቃ "ማነው የለኮሰው?" ብላ ጠየቀቻት። "እኔ" አለች። "ላምባው ከየት መጣ?" "ከእናቴ ቤት።" አያቴ ፈገግ ብላ እጇን ሆዷ ላይ አስቀመጠችላት። ያን ዓመት ወንድ ልጅ ወለደች። ባሊሻ ዛሬ በወጣቶቹ ዘንድ እየተተወ ነው፤ ከእሱ ጋር ያ የአነጋገር ጥበብም እየሄደ ነው።

የመብራት ፍቺ እንግዲህ ከኩራዙ ይነሳል። ከጣሳ የተሠራ፣ ከአናቱ ክር የወጣለት፣ ጭሱ ግድግዳውን ያጠቆረው ያ ኩራዝ። ሴት ኩራዝ ይዛ ከታየች ልጅ ነው። ነፋስ ያጠፋው ኩራዝ የሰው ምላስ ነው፣ ተመልሶ ይለኮሳል። ነፋስ ሳይኖር የጠፋ ኩራዝ ግን አይነገርም፤ አያቴ እንዲህ ያለ ሕልም ከሰማች ቡናውን ሁለት ጊዜ ታስደግመውና ስትጸልይ ትውላለች። ጭስ የሌለው ብርሃን ከሁሉ ይበልጣል። እንዲህ ያለ ብርሃን ያየውን ሰው "ታይተሃል" ነበር የምትለው።

ይህን አባባሏን ለብዙ ዘመን የቤተ ክርስቲያን ቋንቋ አድርጌ ነው የቆጠርኩት። በ1920 ዓ.ም. ገደማ የኤስ.አይ.ኤም. ሚሲዮናውያን ሆሳዕና ከደረሱ ወዲህ ወንጌል በሀዲያና በከምባታ ተስፋፍቷል፤ አያቴም በዚያ ውስጥ ነው ያደገችው። ነገር ግን ነገሩ ከዚያም ይቀድማል። ፋንዳኖ የሚባለውን የሀዲያን ነባር እምነት ያጠኑት ጀርመናዊው ኡልሪሽ ብራውኬምፐር እንደጻፉት፣ የጥንት ሰዎች የሰማዩን አምላክ ዋዓ ይሉት ነበር፤ ፀሐይና ጨረቃም ዓይኖቹ ናቸው። እንግዲህ ሌሊት በሕልም የሚመጣ ብርሃን ዓይን ነው። ሰውየው ብርሃኑን አየሁ ይላል፤ ፈቺዋ ደግሞ ብርሃኑ አንተን አየህ ትለዋለች። በደርግ ዘመን የጸሎት ቤቶች ተዘግተው ምዕመኑ በየጓዳው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሲጸልይ፣ ብዙ ሰው በሕልሙ ብርሃን ያይ ነበር። አያቴ ለእያንዳንዳቸው ያንኑ አንድ ቃል ትሰጣቸዋለች፤ ሌላ ምንም አትጨምርም። ደረታቸው ተነፍቶ ሲወጡ አይቻለሁ።

የእኛ አገር ትልቁ በዓልም ከሕልም የወጣ ብርሃን ነው ማለት ይቻላል። ንግሥት እሌኒ መስቀሉ የተቀበረበትን ቦታ ስትፈልግ ደመራ ደምራ እንድታቃጥልና ጭሱን እንድትከተል በሕልም ተነገራት፤ ቤተ ክርስቲያን እንዲህ ታስተምራለች። በሀዲያ ያሆዴ፣ በከምባታ መሳላ የሚከበሩት በዚያው በመስከረም ሰሞን ነው። ከቡላ፣ ከቅቤና ከወተት የሚሠራው አታካና ሲቀርብ፣ ከብቱ ሲታረድ፣ በየደጁ እሳት ሲነድ፣ ከኮረብታ ላይ ሆኖ ቁልቁል ያየ ሰው አገሩ በሙሉ ነቅቶ ያደረ ይመስለዋል። ያን ሌሊት የታየ ብርሃን ለዓመቱ ሙሉ ነው የሚፈታው።

የሀዲያ ሰው ደግሞ የራሱ እሌኒ አለችው። በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከሀዲያ ገዥ፣ ከገራዱ ቤት ወጥታ የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ንግሥት የሆነችው እሌኒ ከዚያ በኋላ በነበሩት ነገሥታት ዘመንም ምክሯ ሲሰማ ኖራ እስከ ልብነ ድንግል ደርሳለች። ዛሬ የሆሳዕናው ሆስፒታል በስሟ ይጠራል። በባሏ ዘመን ነው በሰማይ ላይ ብርሃን ታየ ተብሎ፣ ንጉሡም ብርሃኑን የእግዚአብሔር ምልክት አድርጎ ፈትቶ፣ በቦታው ቤተ ክርስቲያን አሠርቶ ደብረ ብርሃን ያለው። ለንጉሡ ያ ብርሃን በመናፍቅነት የቀጣቸው ሰዎች ቅጣት መጽደቁን የሚያሳይ ነበር። ከሀዲያ የሄደችው ንግሥት ያን ብርሃን እንዴት ፈታችው ይሆን እያልኩ አስባለሁ። ከአያቶቿ ቤት የሰማይ ብርሃን ዓይን መሆኑን ሰምታ የሄደች ከሆነ፣ ምናልባት ንጉሡ ካየው ሌላ ነገር አይታበት ይሆናል።

ከምባታዎች ከፍታ ሲሉ ሐምበሪቾን ነው የሚያዩት። ከ3,000 ሜትር በላይ የሚሆን፣ ጥንት የሚከበር ተራራ ነው። በሕልሙ ጫፉ ላይ ብርሃን ያየ የከምባታ ሽማግሌ ልብሱን አጥቦ ይጠብቅ ነበር ይሉናል። አሁን 777 ደረጃ ተሠርቶለት ወጣቱ እየተሳሳቀ ይወጣዋል፤ ከላይ ሆኖ ዱራሜን፣ አንጋጫን፣ ከዚያም ማዶ የሆሳዕናን አቅጣጫ እየጠቆመ ፎቶ ይነሳል። ደስ ይላል፤ እኔም ብርታት ሳለኝ መውጣቱን እመኛለሁ።

ግንቡና መብራቱ በውን የመጡት በእኛ ዕድሜ ነው። በመጀመሪያ የቴሌ ታወር ተተከለ፤ ጫፉ ላይ ቀይ መብራት አለው፣ ሌሊቱን ሙሉ ይበራል ይጠፋል። ከዚያ የሃይቴንሽን ምሰሶዎች ኮረብታውን ተሻግረው መጡ። ጊቤ ሁለት በ2002፣ ጊቤ ሦስት በ2009 ዓ.ም. ሲመረቁ፣ የእኛ አባቶች ልጆቻቸውን ማማ ላይ የሰቀሉበት ሸለቆ የአገር መብራት ሆነ። በሆሳዕናም በጎፈር ሜዳ፣ በቦቢቾ፣ በሴች ዱና ፎቅ በፎቅ ላይ ተነሳ። በ2015 ዓ.ም. ከተማዋ የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ሆነች። አያቴ ታወሩን አይታ ነው ያለፈችው። ጎረቤት "ቀይ መብራት ያለውን አየሁ" ብሎ ሲመጣ ለመጀመሪያ ጊዜ ፍቺ አጣች። "እሱን ማን እንደለኮሰው አላውቅም" አለች። ላምባው ከማን ቤት እንደመጣ ያልታወቀ ብርሃን ለእሷ ገና ያልተወለደ ነገር ነበር።

ወጣቶቹ ግን ፍቺውን ከሌላ ቦታ አገኙት። የሀዲያን ስደት ያጠኑት ደረጀ ፈይሳ እንደሚነግሩን፣ በ1990ዎቹ ከውጭ አገር የመጣ አንድ ሰባኪ እግዚአብሔር ወደ ደቡብ መንገድ ይከፍታል ብሎ የተናገረው ቃል በአገሩ ናኘ፤ የደቡብ አፍሪካ ጉዞ ከእንጀራ ፍለጋ አልፎ የትንቢት ፍጻሜ ተደርጎ ተወሰደ። ከዚያ ወዲህ በሕልም የታየ መብራት ሁሉ ጆሃንስበርግ ሆነ። ግንብ ያየ ግንብ ሊሠራ ነው ተባለ፤ በእርግጥም ብዙዎች ሠሩ። ዛሬ በሆሳዕና የምናያቸው ፎቆችና ሆቴሎች ብዙዎቹ ከዚያ በተላከ ገንዘብ የቆሙ ናቸው፤ ከእነሱ ኪራይ እየበላ የሚማር ልጅም አለ። ማንንም አልወቅስም። መሬቱ ጠቧል፣ ልጁ በዝቷል፣ እንሰቱ አነሰ። የጎደለው ጠያቂ ነው። ሕልሙን ይዞ ለሚመጣው ልጅ "ላሚቱ ታለበች? እናትህ ከማን ጋ ትቀራለች? መሰላሉ መቆሚያ ነበረው?" የሚለው ሰው ጠፋ። ያየኸው መብራት ተነስ ይልሃል ብለው ሰደዱት። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በሞዛምቢክ ቴቴ አውራጃ በአንድ የጭነት መኪና ኮንቴይነር ውስጥ 64 ኢትዮጵያውያን ታፍነው ሞተው ሲገኙ፣ በዚያ መንገድ ልጅ የላከ መንደር ሁሉ ስልክ እስኪደወል ድረስ ድንኳን ሳይተክል ሐዘን ተቀመጠ። በዚያ ሰሞን ነፋስ ሳይኖር የጠፋ ኩራዝ ያየች እናት ብትኖር፣ ለማን ትነግረው ነበር?

የጠዋቱ ወግ ጨርሶ አልሞተም። ዘመዴ የሆነች አንዲት እናት ሆሳዕና ትኖራለች፤ ልጇ ጆሃንስበርግ ዳር ባለ ሰፈር ሱቅ አለው። በብረት ፍርግርግ ውስጥ ሆኖ ዳቦና ስኳር ይሸጣል፣ እዚያው ከዕቃው ኋላ ይተኛል። እሁድ እሁድ ጠዋት በኢሞ ይደውላል። እንደ ልማዷ ከሰላምታው በኋላ "ምን አየህ?" ትለዋለች። አንድ እሁድ እኔም ከጎኗ ተቀምጬ ነበር።

"እማዬ፣ ያ ሂልብሮው ያለው ረጅም ግንብ አለ ያልኩሽ፣ እሱን አየሁ። አናቱ ላይ መብራት አለ። እያየሁት ጠፋ።"

ያ ግንብ 269 ሜትር ነው፤ ከሩቅ ይታያል። እሷ በዓይኗ አይታው አታውቅም። ዝም ብላ አሰበች።

"ስልኩን አዙረው" አለችው። "የምትተኛበትን አሳየኝ።"

አዞረው። ፍራሽ፣ የለስላሳ ሳጥን፣ ግድግዳው ላይ የተንጠለጠለ ጃኬት፣ ከጣሪያው የወረደ አንድ አምፖል። በሩ በየት እንደሚከፈት ጠየቀችው፤ አሳያት። ማታ ማን አብሮት እንደሚያድር ጠየቀችው። የሾኔ ልጅ ነው አላት፤ እሱንም ጠርታ ሰላም አለችው፣ የማን ልጅ እንደሆነ አጣራች። ቡናው ቀዝቅዟል። ከዚያ በኋላ ፊቷን ወደ ስልኩ አቀረበች።

"ግንብ መንግሥት ነው፣ ልጄ። ወረቀትህ መቼ ነው የሚያልቀው?"

ከወዲያ በኩል ለጥቂት ጊዜ ድምፅ አልነበረም። "በሚቀጥለው ወር" አለ።

"ሳያልቅ ሂድና አሳድሰው። ለብቻህ እንዳትሄድ፤ ይህን ልጅ ይዘኸው ሂድ። ሰኞ እደውላለሁ።"